በአፍንጫ የሚረጨው ናሎክሶን፦ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ

እንደ ፌንታኒል፣ ሄሮይንና ሞርፊን ያለ ነገር በዝቶበት ትንፋሹ የሚቆምን ሰው የሚመልሰውን ይህን ዕቃ የገዛሁት ልጄን ከቀበርኩ በኋላ ነው። 23 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ግምገማዬን የምታነቡት «ሞከርኩት፣ ሠራልኝ» ከምትል ሰው አይደለም። ሌላ ሰው ላይ ሲሠራ ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱን እነግራችኋለሁ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ፣ የደም ግፊት እለካለሁ። 18 ዓመት ሠርቼበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ሳጥኑ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ውስጡ ሁለት ፍሬ አለ፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ታሽጎ። አንዱ ፍሬ 4 ሚሊግራም ናሎክሶን ይዟል። ብዙ ሰው ናርካን በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል፤ መድኃኒቱ ግን ናሎክሶን ነው፣ በሌላ ስም የሚሸጡም አሉ። እኔ ከመድኃኒት ቤት የገዛሁት በ45 ዶላር ነው፣ በ2023፤ ከጉንፋንና ከአለርጂ መድኃኒት ጎን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ማዘዣ አልተጠየቅኩም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ የፈቀደው በማርች 2023 ነው፤ መደርደሪያ ላይ የወጣው በሴፕቴምበር ነው።

ልጄ የሞተው በኦክቶበር 2022 ነው።

ግን «ያኔ አልነበረም» ብዬ ራሴን ማጽናናት አልችልም። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ ማንም ሰው የግል ሐኪሙ ሳያዝለት መድኃኒት ቤት ሄዶ ናሎክሶን ስጡኝ ማለት ይችል ነበር። መጠየቅ ብቻ ነበር። እኔ አልጠየቅኩም። የመድኃኒት ቤቱ ወረፋ ላይ ከኋላዬ የምትቆመው የሰንበቴ ማኅበር አባል ብትሆንስ? ይህን ያህል ነበር የምፈራው።

ልጄ በረኛ ነበር። ሠፈራችን ባለው የሐበሻ ልጆች ቡድን ውስጥ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ግብ ጠብቋል፤ እጁ ትልልቅ፣ ሳቁ ከሜዳው ማዶ የሚሰማ። በ19 ዓመቱ ጉልበቱ ተጎዳና ኦፕራሲዮን ሆነ። የህመም ማስታገሻ ታዘዘለት። በየስድስት ሰዓቱ ውሃ ይዤ የምሰጠው እኔ ነበርኩ፤ ሌሊት ሳይቀር ሰዓት ሞልቼ እየተነሳሁ። በሥራዬ መድኃኒት ሰዓቱን ሳይስት መሰጠት እንዳለበት ስላየሁ ጥሩ እናት የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ማዘዣው ሲያልቅ እሱ አላለቀለትም። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ቤት ያውቀዋል፤ ከቦርሳ የሚጠፋ ብር፣ የማይነሳ ስልክ፣ መታጠቢያ ቤት ተቆልፎ መቆየት፣ በጠራራ ፀሐይ ረጅም እጅጌ። ሁለት ጊዜ ማገገሚያ ገባ። በኋላ አባቱ አገር ቤት ወሰደውና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ሁለት ወር ተጠመቀ። በኦገስት ሲመለስ ፊቱ ሞልቷል፣ አንገቱ ላይ አዲስ ማተብ፣ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ቡና ያፈላ ጀመር። ጀበናውን ሁለት ጊዜ አገንፍሎታል፤ ምድጃው ላይ የደረቀውን አተላ ስፈትግ ደስ እያለኝ ነበር።

አንድ ነገር ማንም አልነገረኝም። ወራት ከተወው በኋላ የሚመለስ ሰው፣ ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችለውም። ከማገገሚያም ይውጣ፣ ከእስር ቤትም ይውጣ፣ ከጸበልም ይምጣ፣ ከሁሉም ጊዜ ይልቅ የሚያሰጋው ያኔ ነው። እኔ ደግሞ ያኔ ነበር ልቤን ያሳረፍኩት። ያንን ሳጥን ቤቴ ማስገባት የነበረብኝ ቦሌ አየር ማረፊያ ተሳፍረናል ብለው በደወሉልኝ ቀን ነበር።

እሁድ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላዬን ለብሼ ለኪዳን ልወጣ ስል በክፍሉ በር አለፍኩ። ሲያንኮራፋ ሰማሁት። ከባድ ማንኮራፋት ነው፤ ጉሮሮው ውስጥ ውሃ የተቋጠረ ይመስል ይንቆረቆራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይመጣል። «ተመስገን፣ ዛሬስ እንቅልፍ ወሰደው» አልኩ። እንዳልቀሰቅሰው ብዬ በሩን ቀስ አድርጌ ገፋ አደረግኩት።

ያ እንቅልፍ አልነበረም። ትንፋሹ እየሄደ ነበር። ይህን ግምገማ ስለ ዋጋው ብላችሁ የከፈታችሁ ሰዎች ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይችን አትዝለሉ፦ እንዲህ የሚያንኮራፋ፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ የጠቆረ፣ ስትጠሩት የማይመልስ፣ ደረቱን በጣት አንጓ ስትፈትጉት የማይነቃ ሰው አልተኛም።

ከቅዳሴ ስመለስ የነበረውን አልጽፈውም። ጠረጴዛው ላይ የተከፈለች ሰማያዊ ክኒን ነበረች፤ በአንድ ጎኗ ኤም የሚል ፊደል፣ በሌላው 30። ከመድኃኒት ቤት የወጣች ኦክሲኮዶን የምትባል የህመም ማስታገሻ ትመስላለች፣ ግን በስልክ ከሚሸጥ ሰው የተገዛች ናት። ከሳምንታት በኋላ የመጣው የአስከሬን ምርመራ ወረቀት ፌንታኒል ይላል። ፌንታኒል ከሞርፊን 100 እጥፍ ገደማ ይበረታል፤ 2 ሚሊግራም፣ ማለት ጥቂት የጨው ቅንጣት የምታክል፣ ሰው ልትገድል ትችላለች።

ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ «ምን ሆኖ ነው?» ሲል የክርስትና እናቱ ወደ ጓዳ ወሰዱኝና «ልቡ ነው በይ። የልጁን ስም አታጥፊ» አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሲጠመቅ በእጃቸው የታቀፉት እሳቸው ናቸው፣ ከእኔ እኩል ነው ያለቀሱት። ልቡ ነው አልኩ። አርባው ላይም ልቡ ነው አልኩ። ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን ልብ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ጀመሩ። የእኔ ውሸት ያደረገው ይህን ነው፤ በማያሰጋው በኩል አስጠነቀቅኩ።

አሁን ዕቃው ሲሠራ ወዳየሁበት ልምጣ። በ2023 ጸደይ ላይ ነው፣ ሥራ ቦታ፣ የማታ ፈረቃ። የምንከባከባቸው አንድ አዛውንት ለጀርባ ህመማቸው ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፌንታኒል ነበራቸው፤ ሐኪም ያዘዘው፣ በየሦስት ቀኑ የሚቀየር። አዲሱ ሲለጠፍ አሮጌው ሳይነሳ ቀርቷል። እኔ አላወቅኩም፣ ፎጣ ይዤ ኮሪደሩን እያለፍኩ ነው። ከክፍላቸው ያ ድምፅ መጣ። ውሃ የተቋጠረበት ጉሮሮ። ይንቆረቆራል፣ ይቆማል።

ፎጣውን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ነርሷን በስሟ አልጠራኋትም፤ ጮህኩ ብቻ። ከመድኃኒት ጋሪው መሳቢያ ነጭ ነገር አወጣች፣ ቀደደችው፣ አንገታቸውን ደገፍኩ፣ አፍንጫቸው ውስጥ አስገብታ ገፋችው። ድምፁ ከትንፋሽ አይበልጥም። ደቂቃ ቆጠርን። ሁለት ደቂቃ አልፎ ሦስተኛው ላይ ሁለተኛውን በሌላው ቀዳዳ ሰጠቻቸው። ከዚያ ደረታቸው ከፍ አለ፤ ፊታቸው ከግራጫ ወደ ሰው መልክ ተመለሰ፤ ዓይናቸውን ገልጠው በቁጣ «ብርድ ልብሴን ማን ወሰደው?» አሉ።

እኔ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያ ጋሪ በየፈረቃው አጠገቡ የማልፈው ጋሪ ነው። ስሙን በሥልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ወረቀት ላይ ፈርሜበታለሁ። ለሽማግሌዎች የሚሆን ነገር አድርጌ ነበር የያዝኩት። ከቤቴ የ20 ደቂቃ መንገድ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ነርሷ በኋላ ያስረዳችኝን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። ፌንታኒልም ሄሮይንም ሞርፊንም የሚገድሉት ትንፋሽን በማስረሳት ነው። አንጎል ውስጥ የሚቀመጡበት ቦታ አላቸው። ናሎክሶን መጥቶ ከዚያ ቦታ ያስነሳቸውና ራሱ ይቀመጥበታል፤ ሰውየውም መተንፈሱን ያስታውሳል። ሌላ ሥራ የለውም። የወሰደው ኦፒዮይድ፣ ማለት የእነዚህ ወገን ካልሆነ አያነቃውም፤ አይጎዳውምም። ስለዚህ ምን እንደወሰደ እርግጠኛ ባትሆኑም ስጡት።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ፊደል ያልቆጠረች እናቴ እንኳ ብትሆን ታደርገው ነበር። መጀመሪያ 911 ደውሉ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጉት። ሰውየውን በጀርባው አስተኙና አንገቱን ደግፋችሁ ራሱን ወደኋላ ቀና አድርጉ። ማሸጊያውን ቅደዱ። አውራ ጣት ከታች መግፊያው ላይ፣ ሁለት ጣት ከላይ በመርጫው ጫፍ ግራና ቀኝ። ለሙከራ ብላችሁ አየር ላይ አትጫኑት፤ አንዱ ፍሬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚረጨው፣ ሞከራችሁት ማለት ጨረሳችሁት ማለት ነው። ጣቶቻችሁ የሰውየውን አፍንጫ እስኪነኩ አስገቡና እስከ መጨረሻው ግፉ። ከዚያ በጎኑ አስተኙት፣ ቢያስመልሰው እንዳያንቀው። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላው ቀዳዳ። ትንፋሽ መስጠት የምታውቁ ከሆነ በመሐል ስጡ።

ሲነቃ አመሰግናለሁ አይላችሁም። መድኃኒቱ የወሰደውን ነገር ኃይል በአንድ ጊዜ ስለሚነጥቀው ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ይቆጣል። «ተዉኝ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ሊወጣ ይችላል። አትልቀቁት። የናሎክሶን ኃይል የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ የወሰደው ነገር ከዚያ በላይ ሰውነቱ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። አምቡላንስ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ፖሊስ ይመጣል ብላችሁ ለምትፈሩ፣ ሜሪላንድ ውስጥ እርዳታ የጠራ ሰውና የወደቀው ሰው በያዙት ዕፅ እንዳይከሰሱ የሚከላከል ሕግ አለ። በሌላ ግዛት የምትኖሩ የራሳችሁን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አላቸው።

የማልወደውን ልናገር። 45 ዶላር ለሁሉም ቤት ቀላል አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን ከገዛሁ በኋላ ነው ካውንቲያችን ጤና ቢሮ በነፃ እንደሚሰጥ ያወቅኩት፤ አጭር ሥልጠና አለው፣ ማንነትህን ብለው አያስጨንቁም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ሁለተኛ፣ እኔ የገዛሁት ሳጥን ላይ ያለው መመሪያ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ነው። ሥዕል አለው፣ ሥዕሉ ይረዳል፣ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እጇ እየተንቀጠቀጠ ሥዕል የምትፈታ እናት አስቡ። አንዷን ኮከብ ያስቀረሁት ለዚህ ነው። እኔ ደረጃዎቹን በአማርኛ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ሳጥኑ ላይ ለጥፌያለሁ። ሦስተኛው የራሴ ስህተት ነው፤ በበጋ መኪና ውስጥ አስቀምጬው ከረምኩ። ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ነው መቀመጥ ያለበት። የመኪናውን አውጥቼ ኮሪደር ላይ፣ የልጄ ጃኬት የሚሰቀልበት ሚስማር ላይ በፌስታል አንጠልጥዬዋለሁ። መሳቢያ ውስጥ አትቆልፉት። እንግዳም የሚያየው ቦታ ይሁን። ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን ተመልከቱ፤ በ2024 አዲስ የሚመረተው ናርካን የሚሠራበት ዘመን ወደ 4 ዓመት ከፍ ብሏል፣ ከዚያ በፊት የተመረተው ግን ሳጥኑ ላይ ያለው ቀን ነው።

ሌላም አለ። በአሁኑ ጊዜ ከፌንታኒል ጋር ዛይላዚን የሚባል የእንስሳት ማደንዘዣ እየተቀላቀለ ይሸጣል። ናሎክሶን እሱን አይነካውም። ሰውየው መተንፈስ ጀምሮ ሳይነቃ ሊቆይ ይችላል፤ የምትፈልጉት ትንፋሹን ነው፣ ትንፋሹን ተመልከቱ።

«ይህን ቤት ማስቀመጥ ለልጁ ፈቃድ መስጠት ነው» ያለኝ አባት አለ። ሳጥኑ የልጄን ሱስ ያድነው ነበር አልልም፤ ሱስ አያድንም። ግን ልጄ ያንን ክኒን የወሰደው ሳጥኑ በሌለበት ቤት ነው። አለመኖሩ አልከለከለውም።

የመጀመሪያው ሙት ዓመት ሲደርስ ለንስሐ አባቴ እውነቱን ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩና «ስንት ሳጥን ማግኘት ትችያለሽ?» አሉኝ። ከጤና ቢሮው 24 አመጣሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ዳቦው፣ ንፍሮውና ጠላው ካለበት ጠረጴዛ ጎን ሌላ ጠረጴዛ አስቀመጥን። ሐምራዊ ጨርቅ አለበስኩት፤ በየዓመቱ ኦገስት 31 ዕፅ በዝቶባቸው የሞቱ ሰዎች የሚታሰቡበት ቀን አለ፣ በ2001 ሜልቦርን ውስጥ የተጀመረ፣ ቀለሙ ሐምራዊ ነው። መሐሉ ላይ የበረኛ ጓንቱን አድርጎ የተነሳውን ፎቶ አቆምኩ። ሳጥኖቹን በዙሪያው።

ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ቆሜ «ልጄ የሞተው በፌንታኒል ነው። ልብ አልነበረም። ዋሽቻችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። ከዚያ ስለሱ አወራሁ፤ ቡና ሲያፈላ ስለሚያገነፍለው፣ ጎል ሲገባበት መጀመሪያ ራሱ ስለሚስቀው፣ ታናሽ እህቱን መኪና እንዴት እንዳስተማራት። አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ አጭር መልስ እየሰጠሁ ስለሸሸሁ ስለ ልጄ ሳላወራ ነው የከረምኩት። ያን ቀን አወራሁ፤ እህቱም ተነስታ ጨመረችበት።

ሰው ወዲያው አልተነሳም። መጀመሪያ የመጡት ወጣቶቹ ናቸው፤ ከቡድኑ ልጆች አራቱ አንድ አንድ አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ አንድ ታክሲ ነጂ፣ «ለመኪናዬ» ሲል «ለመኪና አይሆንም፣ ይሞቃል» አልኩት፣ «እንግዲያው በቦርሳዬ» አለ። ከዚያ እናቶች፣ አንዳንዶቹ ዳቦ እንደሚያነሱ ሆነው።

አዳራሹን ስናጸዳ ሦስት ቀርተው ነበር። የክርስትና እናቱ እስከ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ሰው ሲያልቅ ተነስተው መጡና አንዱን ሳጥን አንስተው ገለበጡት፣ እኔ የለጠፍኩትን የአማርኛ ጽሑፍ ዓይናቸውን አጥብበው አነበቡ። ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ምንም አላሉኝም፣ ምንም አልጠየቅኳቸውም። ከሥልጠናው የሰጡኝን ባዶ ማለማመጃ አቀበልኳቸው። በእጃቸው ያዙት፣ አዞሩት፣ አውራ ጣታቸውን ከታች አደረጉ።

«እንዲህ ነው?» አሉኝ።

«ሁለቱን ጣት ከላይ፣ እትዬ። አዎ፣ እንዲህ ነው» አልኳቸው።